ብሬከር የማያየው ቦታ፦ ለቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ሥራ የሽቦ ማገናኛ አመራረጥ

የዚህ ትምህርታዊ ዝግጅት ርዕሰ ጉዳይ በየቤቱ ግድግዳና ኮርኒስ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖረው የሽቦ ማገናኛ ነው። የሽቦ ማገናኛ፣ በገበያውና በሙያተኛው ዘንድ ኮኔክተር የሚባለው፣ ልባሳቸው የተገፈፈ የሁለት ወይም የብዙ ሽቦዎች ጫፍ በአንድነት ተይዞ ኤሌክትሪክ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ትንሽ ዕቃ ነው። ዋጋው አነስተኛ በመሆኑ ቤት ሠሪውም ሆነ አዳሹ ብዙ ጊዜ ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ የቤቱ ደኅንነት ግን ከቆጣሪውና ከብሬከሩ ባልተናነሰ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው። ዝግጅቱ በመጀመሪያ የሽቦ መጋጠሚያ ለምን እንደሚሞቅ፣ ቀጥሎ የማገናኛ ዓይነቶችን ከነጠባያቸው፣ በመጨረሻም ማገናኛን ከሽቦው፣ ከጭነቱና ከቦታው ጋር ማዛመድ እንዴት እንደሚቻል ያብራራል።

ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ሽቦው በመጠኑም ቢሆን ይገታዋል፤ ይህ መገታት በሙያው አጠራር ሬዚስታንስ ሲባል መለኪያውም ኦም ነው። በአንድ ወጥ የመዳብ ሽቦ ላይ ሬዚስታንሱ እጅግ ትንሽ ሲሆን፣ ሁለት ሽቦዎች በሚነካኩበት ቦታ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። የመዳብ ገጽ ለዓይን ለስላሳ ቢመስልም በረቂቅ ጉብታና ስርጉድ የተሞላ ስለሆነ፣ ሁለት ሽቦዎች እንዲሁ ሲነባበሩ በእርግጥ የሚገናኙት በጥቂት ጉብታዎች ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ሽቦዎቹ በኃይል ሲጨመቁ ጉብታዎቹ ይደፈጠጣሉ፣ የሚነካካው ስፋት ይጨምራል፣ ሬዚስታንሱም ይቀንሳል። ስለዚህ የማንኛውም ማገናኛ ዋና ተግባር ሽቦዎቹን በበቂ ግፊት መጭመቅና ያንን ግፊት ለብዙ ዓመታት ሳያላላ ማቆየት ነው፤ መሸፈንና ከንክኪ መከላከል ሁለተኛው ተግባሩ ነው።

በመጋጠሚያ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት በቀላል ስሌት ይታወቃል። በሽቦው የሚያልፈው ኮረንት በራሱ ተባዝቶ፣ ውጤቱ እንደገና በመጋጠሚያው ሬዚስታንስ ሲባዛ የሙቀቱ ኃይል በዋት ይገኛል። በኢትዮጵያ የቤት መስመር ቮልቴጅ 220 ሲሆን፣ 3500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከመስመሩ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። 16 በ16 ሲባዛ 256 ይሆናል። መጋጠሚያው በደንብ የጠበቀና ሬዚስታንሱ የአንድ ኦም አንድ ሺህኛ ከሆነ የሚፈጠረው ሙቀት የአንድ ዋት ሩብ ብቻ ስለሚሆን ማንም አይሰማውም። መጋጠሚያው ላልቶ ሬዚስታንሱ ወደ አንድ ኦም አንድ አሥረኛ ከፍ ካለ ግን ሙቀቱ ከ25 ዋት በላይ ይደርሳል። ይህ መጠን የሬዲዮ ጠጋኝ ስታኞ ከሚያቀልጥበት አነስተኛ መበየጃ ጋር የሚመጣጠን ሲሆን፣ ልዩነቱ መበየጃው በጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ መጋጠሚያው ከኮርኒስ በላይ ከደረቅ እንጨት አጠገብ መዋሉ ነው።

ሙቀቱ በራሱ ላይ እየተጨመረ የሚሄድ መሆኑ አደጋውን ያባብሰዋል። የሞቀ መዳብ በፍጥነት ከአየር ጋር ተዋህዶ ይጠቁራል፤ የጠቆረው ሽፋን ኤሌክትሪክን እንደ ንጹሕ መዳብ ስለማያስተላልፍ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ሬዚስታንሱ ሲጨምር ደግሞ ሙቀቱ ይብሳል። ከዚህም በላይ ጭነቱ በበራና በጠፋ ቁጥር ሽቦው በሙቀት ሲሰፋና ሲቀዘቅዝ ሲሰበሰብ መጋጠሚያው ጥቂት በጥቂት ይላላል። የተለመደው የሽቦ ልባስ ፒቪሲ የተባለ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ዘወትር እንዲሠራ የተወሰነለት የሙቀት ጣሪያ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ከዚህ በላይ ለረጅም ጊዜ የሞቀ ልባስ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ከሽቦው ላይ ይረግፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ቁልፍ ነጥብ አለ። ብሬከር በመስመሩ የሚያልፈው ኮረንት ከተፈቀደው ሲበልጥ ወይም ሁለት ሽቦዎች ተነካክተው ሾርት ሲፈጠር መስመሩን እንዲቆርጥ የተሠራ መሣሪያ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምጣድ መስመር ላይ መጋጠሚያው ጤነኛም ሆነ የላላ የሚያልፈው ኮረንት ያው 16 አምፔር ገደማ ነው፤ እንዲያውም የላላው መጋጠሚያ ኮረንቱን ጥቂት ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውም። ስለዚህ መጋጠሚያው እየጠቆረና ልባሱ እየቀለጠ ሳለ ብሬከሩ ምንም እንከን አይታየውም። ኮረንት ወደ መሬት ሲፈስ መስመሩን የሚቆርጠው የፍሳሽ መከላከያ ብሬከርም ቢሆን፣ ፍሳሽ እስኪፈጠር ድረስ በመላላት ምክንያት ብቻ አይቆርጥም። በብሬከርና በጭነቱ መካከል ያለውን መጋጠሚያ የሚጠብቀው የማገናኛው ጥራትና የሠራተኛው ጥንቃቄ ብቻ መሆኑ፣ ይህ ዝግጅት ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ይህን ያህል እንዲያትት ምክንያት ሆኗል።

የማገናኛ ዓይነቶችን ከመዘርዘር አስቀድሞ በብዙ ቤቶች ስለሚታየው የጥንት ዘዴ መናገር ያስፈልጋል። ይህም ሁለት ሽቦዎችን በፒንሳ ጠምዝዞ በኤሌክትሪክ ፕላስተር መጠቅለል ነው። ፕላስተር ይሸፍናል እንጂ አያጠብቅም፤ ግፊቱን የሚይዘው የተጠመዘዘው መዳብ ራሱ ነው፣ መዳብ ደግሞ እንደ ሞላ ወደ ነበረበት የመመለስ ጠባይ ስለሌለው ከጊዜ ብዛት ይላላል። በሙቀት የፕላስተሩ ሙጫ ይደርቅና ጫፉ ይፈታል፤ ከኮርኒስ በላይ ከሆነም አይጥ ይበላዋል። በችፑድ ወይም በጨርቅ ኮርኒስ በተሠራ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለው መጋጠሚያ ያለ ሳጥን በቀጥታ ተጋድሞ ሲገኝ፣ ከሚቀጣጠል ነገር የሚለየው ያ የደረቀ ፕላስተር ብቻ ይሆናል። ስለሆነም ፕላስተር እንደ ተጨማሪ ሽፋን ካልሆነ በስተቀር ራሱን የቻለ ማገናኛ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

የመጀመሪያው ትክክለኛ ማገናኛ ተጠማዛዡ ቆብ ነው። ውጫዊ አካሉ ሾጣጣ የፕላስቲክ ቆብ ሲሆን በውስጡ ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ የብረት ሞላ አለ። የሽቦዎቹ ጫፍ በአንድነት ገብቶ ቆቡ የሰዓት ቆጣሪ ወደሚዞርበት አቅጣጫ ሲጠመዘዝ፣ ሞላው በሽቦዎቹ ላይ እየተጠመጠመና እየሰፋ ይሄዳል፤ ለመሰብሰብ የሚያደርገው ጥረትም ዘወትር ይጨምቃቸዋል። የዚህ ማገናኛ ቀዳሚ የሆነውን ሽቦን በግፊት የሚያያዝ መሣሪያ በካናዳ ዊሊያም ማር የተባለ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1914 የፈጠረው ሲሆን፣ ዛሬም በካናዳ ማገናኛው በእርሱ ስም ማሬት እየተባለ ይጠራል። በኢትዮጵያም የሕንፃ ኤሌክትሪክ ሥራ ዝርዝሮች የመብራትና የሶኬት መስመር ሲጠይቁ ክዳን ያለው ማገናኛ ሳጥንና ልባስ ያለው ተጠማዛዥ ቆብ አብረው እንዲቀርቡ መጻፋቸው የተለመደ ነው። የቆቡ ድካም ልኩ ላይ ነው፤ ለሁለት ወፍራም ሽቦዎች የተሠራው ቆብ ለሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ሲሰጥ ሞላው አይጨምቅም፣ ትንሹ ቆብ በብዙ ሽቦዎች ላይ በግድ ሲገባም ከፊሎቹ ሳይያዙ ይቀራሉ። የቆቡ ቀለም መጠኑን ለመለየት ቢያገለግልም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ መመሪያው በማሸጊያው ላይ የተጻፈው አነስተኛና ከፍተኛ የሽቦ ብዛትና ውፍረት እንጂ ቀለሙ አይደለም።

ሁለተኛው ባለብሎን ተርሚናል ነው። ይህ በፕላስቲክ ወይም በፖርሴሊን ውስጥ የተቀመጠ የነሐስ ቱቦና ቱቦው ላይ የሚታሰሩ ሁለት ብሎኖች ያሉት ሲሆን፣ በገበያ ላይ ብዙ ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ተያይዘው ይሸጣሉ፤ ሠራተኛው የሚፈልገውን ያህል ቆርጦ ይጠቀማል። ጥቅሙ ዋጋው መርከሱ፣ በየትም መገኘቱና በካቻቢቴ ብቻ መሠራቱ ነው። ችግሩ ግን ብሎኑ በቀጥታ በሽቦው ላይ ሲዞር፣ ሽቦው ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ከሆነ፣ ክሮቹን ወደ ጎን መበተኑና ከፊሉን መቁረጡ ነው። ለዚህ መፍትሔው የሽቦው ጫፍ ላይ ትንሽ የብረት ቱቦ፣ ማለትም ፌሩል የሚባለውን፣ አልብሶ በተገቢው መጨፍለቂያ መጭመቅ ነው። አንዳንዶች በዚህ ፈንታ ክሮቹን በስታኞ ይበይዷቸዋል፤ ይህ ግን ከብሎን ሥር ተገቢ አይደለም፣ ምክንያቱም ስታኞ ለስላሳ ብረት በመሆኑ በማያቋርጥ ግፊት ሥር ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ብሎኑም ሳይነካ ይላላል።

ሦስተኛው ባለሞላ ማገናኛ ሲሆን በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው ተገፍቶ የሚገባበት ሲሆን፣ ጠንካራ ባለአንድ ዘንግ ሽቦ ወደ ቀዳዳው ሲገፋ በውስጡ ያለው የብረት ሞላ ይነክሰውና ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይይዘዋል፤ ይህ ዓይነት በአብዛኛው ለባለአንድ ዘንግ ሽቦ የተሠራ ነው። ሁለተኛው መክፈቻ ምላስ ያለው ሲሆን፣ ምላሱ ሲነሳ ቀዳዳው ይከፈታል፣ ሲመለስ ሞላው ሽቦውን ይጨብጣል፤ ለባለአንድ ዘንግም ሆነ ለባለብዙ ክር ሽቦ ያገለግላል፣ ተከፍቶም እንደገና መጠቀም ይቻላል። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው በ1951 በጀርመን ሚንደን ከተማ የተመሠረተው ዋጎ የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ 221 በሚል ቁጥር የሚታወቀው አነስተኛው ባለምላስ ማገናኛው እስከ 4 ካሬ ሚሊሜትር የሚደርስ ሽቦ ይቀበላል፣ የተሰጠውም መጠን 32 አምፔርና 450 ቮልት ነው። የሞላ ማገናኛ ትልቁ ብልጫ ግፊቱ በሠራተኛው ጉልበት ላይ አለመመሥረቱ ነው፤ ሽቦው በሙቀት ሲሰፋም ሆነ ሲሰበሰብ ሞላው እየተከተለ ይይዘዋል። ዋጋው ከሌሎቹ መወደዱ እውነት ቢሆንም፣ በእጅ ልምድ ላይ ያለው ጥገኝነት አነስተኛ በመሆኑ ለቤት ሥራ ይበልጥ የሚመከር ነው።

አራተኛው በመጨፍለቅ የሚሠራው ማገናኛ ነው። የብረቱ ቱቦ ሽቦውን ከዋጠ በኋላ በልዩ መጨፍለቂያ ፒንሳ ይጨመቃል፤ ከዚያ በኋላ አይፈታም። ልባስ ያላቸው የተለመዱት ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ሲሆኑ፣ ቀዩ እስከ 1.5፣ ሰማያዊው እስከ 2.5፣ ቢጫው ደግሞ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሚሊሜትር ላለው ሽቦ ነው። ጥራቱ ሙሉ በሙሉ በመሣሪያው ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ በተራ ፒንሳ ወይም በመዶሻ የተጨፈለቀ ማገናኛ ተሠራ ሊባል አይችልም።

ዓይነቶቹ ከታወቁ በኋላ ምርጫው በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ እነርሱም ሽቦው፣ ጭነቱና ቦታው ናቸው።

ስለ ሽቦው በቅድሚያ የሚጠየቀው ውፍረቱ ነው። በቤት ውስጥ ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ለምጣድና ለውኃ ማሞቂያ ደግሞ 4 ወይም 6 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ሽቦ መዘርጋቱ የተለመደ ሲሆን፣ የሚመረጠው ማገናኛ ላይ የተጻፈው መጠን ይህንን ማካተት አለበት። ቀጥሎ ሽቦው ባለአንድ ዘንግ ነው ወይስ ባለብዙ ክር የሚለው ይታያል፤ ከግድግዳ የሚወጣው ሽቦ ባለአንድ ዘንግ፣ የተንጠልጣይ መብራቱ ገመድ ግን ባለብዙ ክር መሆኑ የዘወትር ጉዳይ ስለሆነ፣ ለእንዲህ ያለው ጥምረት ባለምላሱ ማገናኛ ይመረጣል።

በሦስተኛ ደረጃ የሚጠየቀው ሽቦው ከምን እንደተሠራ ነው። አሉሚኒየም ከአየር ጋር ሲነካካ ወዲያው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ ሽፋን ያበጃል፤ በሙቀት የሚሰፋውም ከመዳብ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይበልጣል፤ በግፊት ሥርም ቀስ እያለ ይሸሻል። በተጨማሪም ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ባለበት በቀጥታ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል። በአሜሪካ ከ1965 እስከ 1973 ባሉት ዓመታት የመዳብ ዋጋ በመናሩ ብዙ ቤቶች በአሉሚኒየም ሽቦ ተሠርተው ነበር። የአገሪቱ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን እንደገለጸው፣ ከ1972 በፊት በተመረተ የአሉሚኒየም ሽቦ በተሠሩ ቤቶች ውስጥ መጋጠሚያዎች ለእሳት ወደሚያሰጋ ደረጃ የመድረስ ዕድላቸው በመዳብ ከተሠሩት በ55 እጥፍ ይበልጣል፤ በዚያ የሚኖሩና የዚያን ዘመን ቤት የሚገዙ ኢትዮጵያውያን ይህን ማስመርመር ይገባቸዋል። በኢትዮጵያ የቤት ውስጥ ሽቦ በአብዛኛው መዳብ ሲሆን፣ ከምሰሶ ወደ ቆጣሪ የሚመጣው ገመድ ግን በብዙ ቦታ አሉሚኒየም ነው። ይህ ክፍል የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ድርሻ ስለሆነ ባለቤቱ ሊነካው አይገባም፤ ከቆጣሪ በኋላም ሁለቱን ብረቶች ማገናኘት ግድ ከሆነ፣ ለመዳብና ለአሉሚኒየም ጥምረት ተብሎ ከተሠራ ማገናኛ በስተቀር ሌላው አያገለግልም።

ስለ ጭነቱ ሲታሰብ ምጣዱ ከሁሉ አስቀድሞ ይነሳል። አንድ የኤልኢዲ አምፖል 10 ዋት ሲወስድ በመጋጠሚያው የሚያልፈው ኮረንት ከአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ እንኳ አይደርስም፤ ምጣዱ ግን እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ ድረስ ለሰዓታት 16 አምፔርና ከዚያም በላይ ይስባል። ኮረንት በእጥፍ ሲጨምር ሙቀት በአራት እጥፍ ስለሚያድግ፣ ለመብራት ዓመታት የቆየ መጋጠሚያ በምጣድ መስመር ላይ በጥቂት ወራት ሊጠቁር ይችላል። ስለዚህ ለምጣድ ከብሬከር የተነሣ የራሱ መስመር፣ በመካከል ምንም መጋጠሚያ ሳይኖረው፣ ቢደርሰው የተሻለ ነው። በምጣዱ አካል ላይ፣ የሙቀት ሰጪው ሽቦ ጫፍ ከገመዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ የፕላስቲክ ማገናኛ ስለሚለሰልስና ስለሚቀልጥ የፖርሴሊን ተርሚናል ያስፈልጋል፤ ወደ ተርሚናሉ የሚቀርበው ገመድም ሙቀት የሚችል ልባስ ሊኖረው ይገባል። በዚህ ቦታ ላይ የሚሸት ፕላስቲክ፣ የጠቆረ ሽቦ ወይም የረገፈ ልባስ ከታየ ምጣዱ ሳይጠገን ሊጋገርበት አይገባም።

ቦታውን በተመለከተ ሁለት ደንቦች አሉ። አንደኛው፣ ማንኛውም መጋጠሚያ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ መሆን ያለበት መሆኑ ነው፤ ሳጥኑ ሙቀቱና ብልጭታው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ይገታል፣ ሽቦዎቹም ሲጎተቱ መጋጠሚያው እንዳይጎዳ ያግዛል። ሁለተኛው፣ መጋጠሚያው ለምርመራና ለጥገና ተደራሽ መሆን ያለበት መሆኑ ነው። ይህ ደንብ ብዙ አገሮች በሚከተሉት ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ መመዘኛ ውስጥ የሰፈረ ሲሆን፣ በግድግዳ ልስን ሥር የተቀበረ ተራ መጋጠሚያ ደንቡን ይጥሳል። በኢትዮጵያም የሕንፃዎች ኤሌክትሪክ ዝርጋታን የሚመለከት ኢቢሲኤስ 10 የተባለ የሕንፃ መመዘኛ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ወጥቷል። ለግቢ መብራትና ለውኃ ፓምፕ የሚሠራ መጋጠሚያ ደግሞ ዝናብና አቧራ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ የሳጥኑ መከላከያ ደረጃ አይፒ በሚል ምልክት ከሁለት ቁጥሮች ጋር ይጻፋል፣ አይፒ 65 የተጻፈበትም አቧራና የሚረጭ ውኃ አያስገባም።

ከሦስቱ በተጨማሪ የሽቦው ተግባር የጥንቃቄውን ደረጃ ከፍ የሚያደርግባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ። የመጀመሪያው ኒውትራል፣ ማለትም ኮረንቱ ወደ ምንጩ የሚመለስበት ሽቦ ነው። ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኮረንት የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች፣ በሚገቡበት ቤት ውስጥ የጋራው ኒውትራል መጋጠሚያ ቢላቀቅ፣ በሁለት ፌዞች መካከል ያለው 380 ቮልት በየክፍሉ በተሰኩት ዕቃዎች መካከል ይከፋፈላል፤ ትንሽ ጭነት ያለበት ክፍል ከ220 ቮልት እጅግ የበለጠ ስለሚደርሰው ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ይቃጠላሉ። ሁለተኛው የመሬት ሽቦ ነው፤ ቀለሙ አረንጓዴና ቢጫ ሲሆን፣ ይህ ቢቋረጥ ሁሉም ዕቃ እንደ ወትሮው ስለሚሠራ ማንም አያውቅም፤ ጉድለቱ የሚገለጠው ፌዝ የምጣዱን ወይም የውኃ ማሞቂያውን ብረት የነካ ዕለት ነው። ስለሆነም የእነዚህ ሁለት ሽቦዎች መጋጠሚያ ከሌላው ሁሉ በበለጠ ጥብቅ መሆን አለበት።

የተመረጠው ማገናኛ በትክክል ካልተሠራ ምርጫው ዋጋ ስለሌለው፣ የአንድ መጋጠሚያ አሠራር በዝርዝር ቢታይ ይጠቅማል። ሥራው የሚጀመረው የመስመሩን ብሬከር በማጥፋት ነው። መብራት በጠፋበት ሰዓት ብሬከር ሳያጠፉ ሽቦ መንካት በብዙ ቦታ የተለመደ ስሕተት ሲሆን፣ መብራት መቼ እንደሚመለስ ስለማይታወቅ ለሞት የሚያበቃ ነው። ብሬከሩ ከጠፋ በኋላ ቴስተሩ፣ ማለትም የኮረንት መፈተሻው፣ በመጀመሪያ ኮረንት እንዳለበት በሚታወቅ ሌላ ሶኬት ላይ መሥራቱ ይረጋገጣል፣ ቀጥሎ የሚሠራበት ሽቦ ይፈተሻል፣ በመጨረሻም ቴስተሩ እንደገና በታወቀው ሶኬት ላይ ይሞከራል። ከዚያም ልባሱ በማገናኛው ላይ በተጻፈው ርዝመት ልክ ይገፈፋል፤ ለተጠቀሰው የዋጎ ባለምላስ ማገናኛ ይህ 11 ሚሊሜትር ነው። ከዚህ ካጠረ ሞላው ልባሱን እንጂ መዳቡን አይነክስም፣ ከረዘመም የተራቆተ መዳብ ከማገናኛው ውጭ ይቀራል። ልባሱ በምላጭ ወይም በጥርስ ሲገፈፍ መዳቡ ስለሚቆረጥና በተቆረጠበት ስለሚሰበር በመግፈፊያ ፒንሳ መግፈፉ ይመረጣል። ምላሱ ተነሥቶ ሽቦው እስከ መጨረሻው ይገባል፤ የማገናኛው አካል ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ የመዳቡ ጫፍ መድረሱ በዓይን ይታያል። ምላሱ ከተመለሰ በኋላ እያንዳንዱ ሽቦ ለየብቻ ጠበቅ ተደርጎ ይሳባል፤ የሚወጣ ሽቦ ካለ እንደገና ይሠራል። በስተመጨረሻ መጋጠሚያው ሽቦዎቹ ሳይጨናነቁ በሳጥኑ ውስጥ ይቀመጥና ክዳኑ ይዘጋል።

በግዢ ወቅት በማገናኛው አካል ላይ የአምራቹ ምልክት፣ የሚችለው አምፔርና ቮልት፣ የሚቀበለው የሽቦ ውፍረት በግልጽ የታተመ መሆኑ ይታያል፤ ምንም ያልተጻፈበት ማገናኛ ምን ያህል እንደሚችል ማንም ሊመሰክርለት አይችልም። ለባለብሎን ተርሚናል ደግሞ ቀላል መፈተሻ አለ፤ ነሐስ በማግኔት ስለማይሳብ፣ የማስተላለፊያውን ቱቦ ማግኔት ከሳበው በነሐስ ቀለም የተለበጠ ብረት ነው ማለት ነው። ብሎኑ ግን በደህናው ተርሚናል ላይም ብረት ሊሆን ስለሚችል የሚፈተነው ቱቦው ነው።

እስካሁን የተነገረው ሲጠቃለል፣ ለመብራትና ለሶኬት መስመር በልኩ የተመረጠ ባለምላስ ማገናኛ ወይም ተጠማዛዥ ቆብ፣ ለባለብዙ ክር ሽቦ በብሎን ሥር ፌሩል፣ ለምጣድ አካል ፖርሴሊን፣ ለመዳብና አሉሚኒየም ጥምረት ለዚያው የተሠራ ማገናኛ፣ ለሁሉም ደግሞ ክዳን ያለውና የሚደረስበት ሳጥን ያስፈልጋል። አዲስ መስመር መዘርጋት፣ የብሬከር ሳጥን መክፈትና ከቆጣሪ ጋር የተያያዘ ሥራ ፈቃድ ላለው ባለሙያ የሚተው ሲሆን፣ ባለቤቱ ግን ባለሙያው ምን ዓይነት ማገናኛ እንደሚጠቀምና መጋጠሚያውን የት እንደሚያኖረው የመጠየቅ መብት አለው፤ ግዴታም አለበት።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ በሚቀጥለው ጊዜ በቤታችሁ ሶኬት ሲጠገን ወይም አዲስ መብራት ሲሰቀል፣ ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት መጋጠሚያው በምን እንደተያዘ ተመልከቱ፤ በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ከሆነም በማገናኛ እንዲተካ አድርጉ። ለማገናኛው የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የሚጠብቀው ግን ቤትንና የቤተሰብን ሕይወት ነው።